ሰባ አንድ «ነበር»

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

መቅደላዊት ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደኅና ነኝ። ልጄ ብፅአትም ደኅና ናት። ሙቀቱ በረድ ብሏል፣ የሰሊጡ አጨዳ ተገባዷል፣ ገበያው በሎሪ ተጨናንቋል። በሰላምታ ብዙ የምቆይ ሰው አይደለሁም፤ ዛሬ ግን እዚሁ ሰላምታው ላይ ብቀር ደስ ይለኛል። ቀጥሎ የሚመጣውን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም።

ደረሰዎት ወይ ብለሽ በብፅአት ስልክ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። ደርሶኛል። ዝም ያልሁሽ ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። የባለቤቴ ጓደኛ እስማኤል፣ ያው ደብዳቤያችንን በሎሪው እስከ መተማ የሚያመላልስልን፣ የመጽሐፌን ረቂቅ ያስረከበኝ ጥቅምት 20 ነው። በላስቲክ እንደተጠቀለለ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥሁት። በማግስቱ አየሁት። በሳልስቱም አየሁት። ሻይ ልሸጥ ስወጣም ስገባም አየዋለሁ። በስድስት ደብተር በገዛ እጄ ጽፌ የላክሁት ነገር አንቺ ጋ ደርሶ፣ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ታርሞ ሲመለስ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎኝ ፈራሁት። ብፅአት ናት «ያ ማማ፣ ኸላስ፣ በቃ ክፈቺው እንጂ! ፈንጂ ነው እንዴ?» ያለችኝ። ትናንት ከፈትሁት።

መቼም ለፍተሽበታል። ስንት ቀይ እስክሪብቶ ጨረስሽ? ገጹ ሁሉ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መስሏል። «መጣሁ»ን ትተሽልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ፤ «ከፈትሁ» ያልሁትን ሁሉ ግን «ከፈትኩ» አድርገሽዋል። እኔ የጭልጋ ልጅ ነኝ። እናቴም አያቴም «ከፈትሁ» እንዳሉ ነው የኖሩት፣ በሩም ሲከፈትላቸው ኖሯል። «ራኩባ» ያልሁትን ደግሞ «ዳስ» ብለሽዋል። ኧረ ልጄ! ዳስ ለሠርግና ለለቅሶ ይጣልና ይፈርሳል። ራኩባ ማለት እዚህ በየደጃችን ክረምት ከበጋ የሚቆመው የሣር ጥላ ነው። አርባ ዓመት ሻይ የሸጥሁበትን የሠርግ ቤት አደረግሽብኝ።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁም እየተናደድሁም ነው ያነበብሁት። መናደድ ደግ ነው፣ የጤና ነው። የቆምሁት ገጽ አርባ ላይ ነው። «ጋረደው ሻይ ቆሞ ነው የሚጠጣው» ብዬ የጻፍሁትን «ቆሞ ነበር የሚጠጣው» አልሽው። ቀጠልሁ። «ሲከፋው ያፏጫል» የነበረው «ያፏጭ ነበር» ሆኗል። «ስኳር በሽታ ይዞትም ከሻዬ ማሰሮ ጎን ስኳር ይሰርቀኛል» ያልሁት «ይሰርቀኝ ነበር» ሆኗል። ብፅአት ጣቷን እያስኬደች ቆጠረችው፤ ሰባ አንድ ቦታ ነው። የኛ ሰው «ነበር ባይሰበር» ይላል። ማን ሰበረው?

ከዚያ ከላይ ያያያዝሽውን ደብዳቤ አነበብሁ። «ባለቤትዎን ነፍስ ይማር» ብለሻል። የማንን ነፍስ? ጋረደው ሞቷል ብዬ የጻፍሁበትን ገጽ እስቲ አሳዪኝ።

አልተቆጣሁሽም። ቁጣው እስኪመጣ ጠበቅሁት፣ አልመጣም። እንዲያው ደንዝዤ ቁጭ አልሁ። ብፅአት ምሳ አቀረበች፣ በላሁ። ምን እንደበላሁ ብትጠይቂኝ አላውቅም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ፣ መጽሐፌን የዘጋሁበት ዐረፍተ ነገር «ጋረደው አለ» የሚል ነው። አንቺ በኅዳጉ ላይ «ምን አለ? ንግግሩ ተዘልሏል፣ ይሟላ» ብለሽ ጽፈሻል። ምንም አላለም። «ለ»ዋ ትጠብቃለች። አለ።

ነበሮቹን አውጪልኝ። ሌላውን እንነጋገራለን።

ፋናዬ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ፋናዬ፣

ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ቆሜ አንብቤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እንዴት ሰነበቱ ለማለት እንኳ አፍሬአለሁ። በሕይወት ላለ ሰው ነፍስ ይማር ብዬ ጻፍኩ። ይቅርታዎን እለምናለሁ። ብፅአትንም ይቅርታ ይበሉልኝ።

ገጹን አሳዪኝ ብለውኛልና ከምን ተነሥቼ እንደሆነ እውነቱን ልንገርዎ። በመጨረሻው ምዕራፍ አቶ ጋረደው ማሽላ ጭነው ወደ ወድ መደኒ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ስለሳቸው አንድም አዲስ ነገር የለም። ጦርነቱ መደኒ መግባቱን እዚህ በዜና ሰምተናል። ስለዚህ ሞተዋል ብዬ ደመደምኩ። ሞቱን ያልጻፉት ከብዶዎት ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም በስብሰባ ላይ ተነሥቼ «እንዴት ያለ ዝምታ ነው!» ብዬ አመሰገንኩዎ። አለቃችንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁላችንም አብረን ነው የተሳሳትነው፤ ቀዩን እስክሪብቶ የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

በብፅአት ስልክ «ሌሎቹ ደራሲዎች እርማት ሲደርሳቸው ምን ይሉሻል?» ብለው አስጽፈዋል። ይኸው፦ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ አሉ፤ ላነሣሁት ነጠላ ሰረዝ ሁሉ የመከላከያ መልስ ይጽፉልኛል። አንዲት ልጅ ደውላ ምንም ሳትናገር አለቀሰች፣ ዘጋች። አንዱ ሦስት ወር አኩርፎኝ ከርሞ ሁሉንም ተቀበለና «ድሮም እንዲህ ነበር የጻፍኩት» አለኝ። ሃያ ምናምን ቀን ሳይከፍት ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጠ ግን ከእርስዎ በቀር አላጋጠመኝም።

ሰባ አንዱን ነበር አንድ በአንድ አነሣለሁ። ራኩባዎም ይመለሳል። «ከፈትሁ»ን ግን የአሳታሚ ቤታችን ደንብ አይፈቅድምና እሱን እንዲተዉልኝ ልለምንዎ።

የቀረን የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። እትዬ፣ ችግሩ በፊደላችን ላይ ነው፤ የሚጠብቀውም የሚላላውም አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። አንባቢ «ጋረደው አለ»ን አላልቶ ያነበዋል፣ እንደ እኔው «ምን አለ?» ብሎ ቀጣዩን ገጽ ይገልጣል፣ ገጽ የለም። አንዲት ቃል ብቻ እንጨምር፦ «ጋረደው በሕይወት አለ።» ያን ጊዜ ማንም አይሳሳትም።

አቶ ጋረደው አሁን የት ናቸው? እንዲህ ደፍሬ በመጠየቄም ይቅር ይበሉኝ።

አክባሪዎ መቅደላዊት


ገዳሪፍ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

መቅደላዊት ልጄ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ። ትናንት ታቦት አጅበን ውለን እግሬ አብጧል። ከይቅርታው ብጀምር ይሻላል፤ ይቅር ብዬሻለሁ። ስንት ጊዜ ይቅርታ ትያለሽ? እዚህ አገር ሰው ሲጋፋሽም፣ ልጅ ሲሞትብሽም «መዓሌሽ» ይልሻል፣ አንዴ ብሎ ያልፋል። አንቺም አንዴ በይና እለፊ።

የት ናቸው ላልሽው፣ አላውቅም። ይኸው ነው መልሱ። ጭነቱን ይዞ የወጣው አምና ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ታኅሣሥ 9 ቀን ደወለ። «ጎማ ነው የያዘኝ፣ ነገ ተነገ ወዲያ እገባለሁ፣ ሽንኩርት ግዢ» አለኝ። ሽንኩርቱን ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልጠራም። ዓመት ከወር ሆነው። አላለቀስሁም፣ ጥቁር አልለበስሁም፣ ተዝካር አላወጣሁም። ንስሐ አባቴ በጸሎት ስሙን ሊጠሩ ሲሉ «ከሕያዋን ጋር ነው ከሙታን ጋር ልጥራው?» ብለው ጠየቁኝ። ከሕያዋን ጋር ይጥሩት አልኋቸው። ጠሩት። እንደ ማንም ሰው እነሣለሁ፣ ሻዬን አፈላለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። ቆይቼ ሳየው እጄ ሠርቶታል፤ እኔ አልነበርሁበትም።

ባለፈው ሳምንት ሠራዊቱ መደኒን መልሶ ያዘ ተብሎ ከተማው በጡሩምባ ተናጋ። ረክሻው፣ ያው የናንተ ባጃጅ፣ ሚኒባሱ፣ ሁሉም ይጮኻል። ሰው መጥቶ አቀፈኝ። ደስ እንዲለኝ ነው የጠበቀው መሰለኝ። «ሻይ ትጠጣለህ?» አልሁት። እስማኤል መንገዱ ሲከፈት ሄጄ እፈልገዋለሁ ብሏል። ሂድም አትሂድም አላልሁትም።

አሁን ስለዚያች ቃል ልንገርሽ። «በሕይወት» የምትለውን አልጽፋትም። አየሽ፣ በኛ ሰፈር ወንዶቹ ሁሉ የመንገድ ሰዎች ናቸው፤ ሾፌር ነው፣ ረዳት ነው፣ ዘር ሊዘራ ሊያጭድ የወጣ ነው። ሴቷ ብቻዋን ናት። በር ተንኳኩቶ «ባለቤትሽ አለ?» ስትባል፣ ያንኳኳው ሰካራም ይሁን ወረቀት ጠያቂ ፖሊስ ይሁን፣ «የለም» አትልም። «አለ፣ ተኝቷል» ነው የምትለው። አንዱን አሮጌ ጫማውንም በሩ ላይ ትተዋለች። ገና ስደት እንደገባን፣ ሃያ ዓመቴ ሳለሁ፣ ያስተማሩኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ጋረደው ፖርት ሱዳን ሆኖ ስንቴ «አለ» ብያለሁ! ውሸት ነው አትበይኝ። የሚመጣ ሰው፣ ቤቱ ያለ ሰው ነው። አርባ ዓመት በዚህ በር ላይ «የለም» ብዬ አላውቅም። ደግሞ በመጽሐፍ ልጀምረው?

«አለ» ብዬ መማል እችላለሁ። «በሕይወት አለ» ብዬ ግን አልምልም፤ እሱን የማውቅበት መንገድ የለኝም። አንቺ አንድ ቃል ጨመርሁ ትያለሽ፤ እኔን ግን ታስዋሽኛለሽ።

ሌላም ልንገርሽ። ደብተሩን የጀመርሁት ሲመጣ እንዲያነበው ነው። ሰው መሀል ቁጭ ብዬ ወሬ ባወራሁ ቁጥር ጋረደው ከኋላዬ ቆሞ «እንደሱ አይደለም፣ ማክሰኞ ነው እንጂ ረቡዕ አይደለም» እያለ የሚያርመኝ ሰው ነው። እንዴት እንደሚያናድድ! ስለዚህ ሆን ብዬ ሁለት ሦስት ቦታ ተሳስቼ ነው የጻፍሁት። አግኝቶ ይጩህብኝ ብዬ። የአንቺን ቀይ ቀለም ሳይ የሆንሁትን መሆኔ ለዚህ ይሆናል። ቦታው የሱ ነበር።

እነሆ፣ እኔም «ነበር» አልሁ። ይህቺን ብቻ ቁጠሪብኝ።

ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ፋናዬ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፋናዬ፣

አንዴ ብዬ ልለፍ ብያለሁና ይቅርታውን አልደግመውም።

አለቃዬ ምን እንዳሉ በብፅአት ስልክ ጠይቀውኛል። መጀመሪያ «አንባቢ ይደናገራል» አሉ። የጥር ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው፤ ይህን ሳላስፈቅድዎ በማድረጌ ቢቆጡኝ እሺ ነው። አንብቤ ስጨርስ ተቀብለውኝ ራሳቸው ደግመው አነበቡት። ከዚያ «ከደብዳቤዋ ሁለት ዐረፍተ ነገር ወደ መጽሐፉ አስገቢ፣ የበሩን ነገር፤ ሌላውን ተዪላት» አሉኝ። የበሩን ታሪክ በራስዎ ቃላት ምዕራፍ ሦስት ላይ አስገብቼዋለሁ። አሁን አንባቢ እመጨረሻው ገጽ ሲደርስ አጥብቆ ያነበዋል። ጓደኛዬን አስነብቤ ሞከርኩት። አላልቶ ጀመረና ራሱን አረመ። እኔ ደግሞ ቀድሜው «ጠብቆ!» ብዬ ጮኼ ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሰባ አንዱን ነበር በእጄ አነሣሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ኢሜይል ስጽፍ እንኳ «ነበር» ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል።

የመጨረሻውን ማረሚያ ልኬያለሁ። ማተሚያ ቤቱ የሰጠን ቀን መጋቢት 25 ነው፤ ካለፈ እስከ ክረምት ወረፋ የለም። አስተያየት ካለዎት ከዚያ በፊት ይድረሰኝ። ምንም ቃል ካልመጣ በዚሁ መልኩ ይታተማል።

አቶ እስማኤል ከመደኒ ምን ይዘው ይመጡ ይሆን እያልኩ ጠዋት ጠዋት አስባለሁ። ለወሬ አይደለም የምጠብቀው፤ አቶ ጋረደው መጥተው ሲያርሙዎት ማየት እፈልጋለሁ።

መቅደላዊት


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

መቅደላዊት፣

ማረሚያው ደርሶኛል። አላነበብሁትም። ብፅአት አገላብጣ አይታዋለች፣ ጥሩ ነው ብላለች።

«ከፈትኩ» በይው፣ እንደ ደንባችሁ ይሁን። «ራኩባ»ውንም ዳስ ማለት ትችያለሽ። ሰሞኑን ራኩባው አልበቃ ብሎ ከጎኑ ዳስ ጥለውልናል። ሰዉ ብዙ ነው። ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ድረስ የመጡ አሉ።

እስማኤል ከመደኒ መጥቷል።

ነበሮቹን መልሻቸው፣ ሰባ አንዱንም። በድካምሽ ላይ ድካም ስለጨመርሁብሽ መዓሌሽ። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አንሺው። በሱ ቦታ ምን ልጻፍ እንዳትዪኝ፣ ምንም አትጻፊበት።

ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፣ የብፅአት ስልክ አይሠራም። እስማኤል ለጊዜው መኪና አልነዳም ብሏል። ይህን ደብዳቤ ከካምፑ ወደ አገሩ ለሚመለስ ኣጽብሃ ለሚባል ሰው ሰጥቼዋለሁ። እንደገባ ይልክልሻል።

እንዴት ነዎት አትበይኝ። ምንም አልተሰማኝም። ሲሰማኝ እነግርሻለሁ።

ፋናዬ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፋናዬ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ! ለልጅዎም ልደት እንኳን ደስ ያለዎ፤ መጽሐፍም ልጅ ነው ይባላል። ታትሟል! ትናንት ከሰዓት ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ካርቶኑን በጥርሴ ነው የቀደድኩት ማለት ይቻላል። አሥር ቅጂ ልኬያለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው ጥላ ራኩባ ነው፤ ሠዓሊው ሦስት ጊዜ ዳስ አድርጎ ሥሎት ሦስት ጊዜ መለስኩበት።

የብፅአት ስልክ አልጠራ ብሎኝ፣ ከእርስዎ ቃል ስጠብቅ መጋቢት አለቀ። ዝም ማለት መስማማት ነው ብዬ ወደ ኅትመት ሰደድኩት። አንዲትም ነበር የለችበትም። የመጨረሻውም ገጽ ያሉት ብቻ ነው፤ ሁለት ቃል፣ ከላይም ከታችም ባዶ ወረቀት። ያነበቡት ሰዎች ከአሁኑ እየደወሉ «ሰውዬው ተመለሰ ወይ?» ይሉኛል። የሚመጣ ሰው ቤቱ ያለ ሰው ነው እላቸዋለሁ።

አንድ አደራ አለኝ። አቶ ጋረደው ሲገቡ የመጀመሪያውን ቅጂ ከነእስክሪብቶው ይስጡልኝ። ሆን ብለው የተሳሳቱባቸውን ቦታዎች እኔ ሁለቱን ያገኘኋቸው ይመስለኛል፣ አልነካኋቸውም። ያርሙና ይላኩልን፤ በሁለተኛው ኅትመት እናስገባዋለን።

ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ እትዬ። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ደስ አይለኝም።

የእርስዎው መቅደላዊት


ገዳሪፍ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

መቅደላዊት ልጄ፣

ሁለት ደብዳቤሽ ከመጽሐፉ ጋር ባንድ ቀን ደረሰኝ፣ የፋሲካውም የግንቦቱም። የግንቦቱን አስቀድሜ ከፈትሁት፤ በቀኑ ብጀምር ይሻል ነበር። የመጋቢት ደብዳቤዬ ከሁለት ወር በኋላ ነው እጅሽ የገባው። ኣጽብሃን አትውቀሺው፤ መንገድ ላይ ስንት ነገር ገጥሞት ይሆናል፣ አድርሶታል። በግንቦቱ ደብዳቤ አራት ገጽ ሙሉ ይቅርታ ጽፈሻል። በፋሲካው ስለጻፍሽውም አደራ አፍረሻል። አትፈሪ፣ አትፈሪብኝ። ደስ ብሎሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ነው፤ ደስ ያለው ሰው ደብዳቤ ከጻፈልኝ ቆይቷል።

እንዴት ሆነው ላልሽው፦ ጥይት አይደለም። ጦርነቱ ሲገባ መኪናውን ጥሎ አንድ ግቢ ውስጥ ከሰው ጋር ተጠግቶ ነበር። የስኳር መርፌው አለቀበት። መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። በስድስተኛው ቀን አረፈ፣ ታኅሣሥ 15። የቀበረው ገብረሚካኤል የሚባል የአገራችን ሰው ነው። እስማኤል መደኒ ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ፣ ቀባሪው አሁን መፋዛ ነው ያለው ብለው መለሱት። መፋዛ ከኛ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። ዓመት ከሦስት ወር እዚያ ተቀምጦ፣ የጋረደውን ስም እንጂ የቤቱን በር አያውቅም፣ የማንን በር ያንኳኳ?

እስማኤል ቀኑን ሲነግረኝ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ደብተሩን የጀመርሁት በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን መስመር ስጽፍ አፈር ከተመለሰበት አራት ወር ሆኖት ነበር። ሻይ ቆሞ ነው የሚጠጣው ስልም፣ ሲከፋው ያፏጫል ስልም፣ ሁሉንም ስጽፍ። ሰባ አንዱም ቦታ ላይ ልክ ነበርሽ፣ ልጄ። አንቺ አንብበሽ ያወቅሽውን እኔ ጽፌው አላወቅሁትም። ይህን እንድታውቂው ነው የምጽፍልሽ፤ በሥራሽ አትፈሪ።

ተዝካሩን አውጥተናል። ንስሐ አባቴ አሁን ከሙታን ጋር ይጠሩታል። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስሁም። «ፋናዬ ልቧ ድንጋይ ነው» ብለዋል አሉ። ይበሉ። ውሃ ጠጪ ሲሉኝ ጠጣሁ፣ ተኚ ሲሉኝ ተኛሁ።

መጽሐፉን ብፅአት አነበበችልኝ። ፊደሉን እየለቀመች ነው የምታነበው፣ ዐረብኛ ነዋ የተማረችው፤ አራት ቀን ፈጀባት። ስኳር የሚሰርቅበት ጋ ስትደርስ ሳቀች። እስማኤል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። እኔ ምንም። የሌላ ሴት ባል ታሪክ ነው የምሰማው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ብፅአት ቀና ብላ አየችኝ፣ መጽሐፉን ልትዘጋው። አንብቢው አልኋት። «ያ ማማ፣ ይቅር» አለችኝ። አንብቢው፣ አልሁ። አነበበችው። አልተሳሳተችም፣ አጥብቃ ነው ያነበበችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት። ሲሰማኝ እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበርና፣ ይኸው ነግሬሻለሁ።

ቅጂዎቹን ሰብስቤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ወረቀት ልለጥፍ ወይ፣ ወይስ በሁለተኛው ኅትመት ላርመው ብለሻል። አለቃሽም እኔ የምለውን እየጠበቁ ነው ብለሻል። አትልጠፊ። ሁለተኛውም ሲመጣ አትንኪው። ስህተት ነው፣ አውቃለሁ። ስህተቱ የኔ ነው፣ በኔም ስም ነው የታተመው።

እንዳለ ይሁን።

ፋናዬ